የድልድያችን ሥራ ቆሟል፤ ተጠያቂው ማን ነው?

የወፍጮ ቤቷ፦

ከአቃቂ ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ወፍጮ ቤት አለኝ። ከደንበኞቼ ግማሾቹ የማዶ ሰዎች ናቸው። አሮጌው ድልድይ ሆዱ ተሰንጥቆ ብረቱ ስለሚታይ፣ መኪና እንዳይሻገር በሁለቱም አፉ ድንጋይ የተሞሉ በርሜሎች ተደርድረዋል። በበርሜሎቹ መካከል ባዶ አህያ ታልፋለች፤ ጭነት ያለባት ግን አታልፍም። ስለዚህ ጤፉ ይወርዳል፣ ባለቤቱ በትከሻው ያሻግረዋል፣ ማዶ እንደገና ይጫናል። የቤተሰባቸውን ቀለብ ተሸክመው የሚንገዳገዱ አዛውንቶችን ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል።

አዲሱ ድልድይ ተጀምሮ ነበር። ሁለት ምሰሶ ቆሞ፣ ከአናታቸው የወጣው ፌሮ ዝጎ ቀርቷል። የመንገድ መሥሪያ ቤቱን ስንጠይቅ «የውኃው ቱቦ ይነሣልን» ይለናል፤ ቱቦው በአሮጌው ድልድይ ጎን የተንጠለጠለ ነው። የውኃው መሥሪያ ቤት «የማንሻው ወጪ አልተከፈለኝም» ይላል። ተቋራጩ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ብረት በድሮው ዋጋ አይገኝም ብሎ ማሽኑን ጭኖ ሄዷል። ወረዳው የጠራው ስብሰባ ላይ ደግሞ የአሁኑ አመራር ያለፈውን ሲወቅስ፣ ያለፈው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ «በጀቱን ያጠፋችሁት እናንተ ናችሁ» ሲል መሸ። የሁለቱም ንግግር በቃለ ጉባኤ ተይዟል፤ የእኛ ጥያቄ ግን አልተያዘም።

ሕጉን ወይም ሥራውን የምታውቁ፣ ማንን በምን ጥያቄ እንያዝ?

የቀድሞ የሳይት መሐንዲስ፦

እህቴ፣ አራቱንም አትከተሉ። ውሉን ከተቋራጩ ጋር የፈረመው አሠሪ መሥሪያ ቤት አንድ ነው፤ እሱን ያዙ። ቦታውን ከቱቦ፣ ከመብራት ምሰሶና ከቤት ነጻ አድርጎ ማስረከብ በተለመደው የግንባታ ውል የአሠሪው ግዴታ ነው። የውኃው መሥሪያ ቤት ካሳ ካልተከፈለው፣ ከፍሎ ማስነሣት ያለበት ድልድዩን የሚያሠራው ነው። ይህን ጉዳይ እናንተ ልታስታርቁት አይገባም።

የብረት ዋጋው ከባድ ጉዳይ ነው፤ ተቋራጩ ዋሸ አልልም። መልሱ ያለው ግን ውሉ ውስጥ ነው፦ ገበያው ሲንር ክፍያውም እንዲስተካከል የሚፈቅድ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ አለው ወይስ የለውም? ደግሞም ቦታውን በጊዜው ያልተረከበ ተቋራጭ የጊዜ ማራዘሚያና ተጨማሪ ወጪ ይጠይቃል። አሠሪው በዘገየ ቁጥር ዕዳው ያድጋል፤ የሚከፈለውም ከሕዝብ ገንዘብ ነው።

ሁለት ሰነድ ጠይቁ፤ የሳይት ርክክብ ቃለ ጉባኤውንና ለአሠሪው ሥራውን የሚቆጣጠረውን የአማካሪ መሐንዲሱን ወርኃዊ ሪፖርት። ሪፖርቱ ሥራው ለምን እንደቆመ በየወሩ ይመዘግባል። ሰው አዳራሽ ውስጥ የፈለገውን ሊናገር ይችላል፤ የፈረመበትን ወረቀት ግን አይክድም። ፍጠኑ፤ የወንዝ ውስጥ ሥራ የበጋ ሥራ ነው። ጥቅምት ላይ ካልተጀመረ ግንቦት ሳይታሰብ ይደርስና ሌላ ክረምት ይገባል። የዛገው ፌሮም ኮንክሪት ሳይሞላበት በፊት ተፈትሾና ጸድቶ አማካሪው በጽሑፍ ያጽድቀው።

ከማዶ፦

ቱቦው ብቻ አይደለም፤ የእኔም ቤት አለበት። የአዲሱ ድልድይ መዳረሻ መንገድ በግቢዬ ያልፋል ተብሎ አጥሬ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። አንዳንድ ሰው «ልማት ያደናቀፈው እሱ ነው» እያለ በስሜ ያወራል። እኔ አልነሣም አላልኩም። ገማቾች መጥተው ቆርቆሮውን፣ ባሕር ዛፉን፣ የጉድጓዱን ውኃ ሳይቀር መዝግበው ሄደዋል፤ ገንዘቡ ግን አልመጣም። የመሬት ማስለቀቂያና የካሳ አዋጁ፣ ቁጥር 1161/2011፣ ካሳ ይቅደም ይላል። ልጆቼን ይዤ የት ልግባ? ድልድዩን እኔም እፈልገዋለሁ፤ ልጆቼ የሚማሩት በናንተ በኩል ነው።

ሕግ አጥኚ፦

የማዶው ወንድሜ ትክክል ነህ። እንዲያውም ሕጉ በ2016 ሲሻሻል የፌዴራል ፕሮጀክት ካሳ ጭምር ፕሮጀክቱ ያረፈበት ክልል ወይም ከተማ እንዲሸፍን ተደርጓል። መሥሪያ ቤቶቹ ኃላፊነት የሚገፋፉበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

መሐንዲሱ የጠቀሳቸውን ሰነዶች በቃል አትጠይቁ። መረጃ የማግኘት መብትን በሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በጽሑፍ አመልክቱ፤ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ማመልከቻውን ማኅተም ያለበት ገቢ መዝገብ ላይ አስመዝግቡና ቅጂውን ያዙ። ዝም ካለ ወይም ከከለከለ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤት በሉ፤ እሱም ካልመለሰ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ቅጂውን ይዛችሁ ሂዱ።

የወፍጮ ቤቷ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የማዶው ጎረቤቴ፣ የቀይ ቀለሙን ወሬ እኔም ወፍጮ ቤቴ ውስጥ ሰምቻለሁ፤ ከእንግዲህ በፊቴ የሚያወራው ሰው ቢኖር የካሳዎን ጉዳይ እነግረዋለሁ። የእርስዎ ጥያቄ በማመልከቻው ላይ ከቱቦው ጎን ይጻፍ፤ ሁለቱም የአንድ አሠሪ ግዴታ ከሆኑ ለይተን የምንጠይቅበት ምክንያት የለም። የኛ እድር ጸሐፊ ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ረቂቁን እሱ ያዘጋጃል። የእናንተም እድር ዳኛ እንዲፈርሙበት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔው ይዤው እሻገራለሁ። የግምት ወረቀትዎ ቅጂ ካለ አዘጋጅተው ይጠብቁኝ፤ አባሪ እናደርገዋለን።