ቦሮው፣ ሌንድ፣ ሎን፣ ሬንት፣ ሊዝ፦ የትኛው የቱ ጋ ይገባል?

ጤና_አዳም፦
ሰላም ለሁላችሁም። አሜሪካ አዲስ ለገቡ ሰዎች የቤት ኪራይና የባንክ ወረቀት የሚያስረዳ አጭር የአማርኛ መመሪያ እያዘጋጀሁ ነው። ቦሮው፣ ሌንድ እና ሎን ላይ ተይዣለሁ፤ የያዝኩት መዝገበ ቃላት ሦስቱንም «ብድር» ብሎ ያልፋቸዋል። ሬንትና ሊዝም ሁለቱም «ኪራይ» ተብለዋል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ጎን ለጎን ነው የሚመጡት። ለምሳሌ፦ «ዘ ሊዝ ኢዝ ፎር 12 መንዝስ። ሬንት ኢዝ ዲው ኦን ዘ ፈርስት።» ይህን «ኪራዩ ለ12 ወር ነው፤ ኪራዩ በመጀመሪያው ቀን ይከፈላል» ብዬ ብተወው ምን ይጎድለዋል? «ሴኩሪቲ ዲፖዚት»ንስ «ቅድመ ክፍያ» ማለቴ ያስኬዳል?

ሰዋስው_ወዳድ፦
ከቦሮውና ከሌንድ ልጀምር። አማርኛ አንዱን ሥር ይዞ ሁለቱንም ወገን ያስተናግዳል። ተበደረ ካልን ተቀባዩ፣ አበደረ ካልን ሰጪው ነው። ተዋሰ–አዋሰ፣ ተከራየ–አከራየም እንደዚያው፤ «ተ» እና «አ» ሥራውን ጨርሰውታል። እንግሊዝኛ ግን እዚህ ቦታ በመልክም በሥርም የማይገናኙ ሁለት ግሦች ነው ያለው፦ ተቀባዩ ቦሮው ያደርጋል፣ ሰጪው ሌንድ ያደርጋል።

ስሕተቱ የሚመጣው «20 ዶላር አበድረኝ» ከሚለው ነው። ሰው «ብድር» ማለት ቦሮው ነው ብሎ ስለያዘ «ካን ዩ ቦሮው ሚ 20 ዶላርስ?» ይላል። ትክክሉ ወይ «ካን ዩ ሌንድ ሚ 20 ዶላርስ?» ነው፣ ወይ ባለቤቱን አዙሮ «ካን አይ ቦሮው 20 ዶላርስ ፍሮም ዩ?» ማለት። መለያው ቀላል ነው። የአማርኛው ዓረፍተ ነገር «ከእገሌ» የሚል ከሆነ ፍሮም ይመጣል፣ ግሡም ቦሮው ነው። «ለእገሌ» የሚል ከሆነ፣ ወይም ግሡ ላይ «ኝ፣ ህ፣ ሽ፣ ው» ተለጥፎ ሰጠ የሚል ስሜት ካለው ሌንድ ነው። ሌንድ ሰውየውን በቀጥታ ይከተለዋል («ሌንድ ሂም»)፤ ቦሮው አይከተለውም። ኃላፊ ጊዜው ደግሞ ሌንት ነው፤ «ሌንድድ» የሚባል የለም።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው አማርኛ የሚለየውን እንግሊዝኛ የማይለየው አለ። ስኳር ከጎረቤት ብንወስድ የምንመልሰው ሌላ ስኳር ነው፤ ይህ ብድር ነው። ምጣድ ብንወስድ ራሱን ምጣዱን ነው የምንመልሰው፤ ይህ ውሰት ነው። ለእንግሊዝኛ ሁለቱም ቦሮው ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም የገንዘብና የሚያልቅ ነገር ብድርን ለብቻው፣ ውሰትን ለብቻው ነው ያስቀመጠው። ስለዚህ ወደ አማርኛ ስትመልሺ «የሚመለሰው ያው ዕቃ ነው ወይስ ምትኩ?» ብለሽ ጠይቂ። «ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ አበደረኝ» ጆሮ ይቧጥጣል። (የሰዋስው መጻሕፍት «የውሰት ቃል» ሲሉ ሁሌም ይገርመኛል፤ ባንክ የሚለውን ቃል መቼ ልንመልስ ነው?)

አንድ ልጨምር። ቦሮው ዕቃው ወደ ተዋሹ እጅ ሲዞር ነው። ከቦታው የማይነሳ ነገር ከሆነ ዩዝ ነው። «ካን አይ ቦሮው ዩር ባዝሩም?» ያለ ሰው መጸዳጃ ቤቱን ነቅሎ ሊወስድ ነው የሚመስለው።

የወረቀት_ሰው፦
ጤና አዳም፣ የጻፍሽው ዓረፍተ ነገር ላይ የጎደለው ይህ ነው። ሊዝ ውሉ ነው፤ ሬንት ገንዘቡ ነው። ሊዝ ይፈረማል፣ ይታደሳል፣ ይፈርሳል። ሬንት ይከፈላል፣ ይጨመራል፣ ይዘገያል። «ብሬክ ዘ ሊዝ» ማለት የውሉ ጊዜ ሳያልቅ ቤቱን ለቅቆ መውጣት ነው፤ ቅጣት ሊኖረው ይችላል። ሁለቱን «ኪራይ» ካልሻቸው አንባቢ 12 ወሩ የምን እንደሆነ አያውቅም፤ የዓመቱ በአንዴ የሚከፈል ሊመስለውም ይችላል።

«ሊዝ» ብለሽም እንዳትተዪው። አገር ቤት ሊዝ ሲባል ሰው የሚያስበው የከተማ መሬት ነው፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት የሚለው ዓይነት። «የአፓርታማ ሊዝ ፈረምኩ» ብሎ የደወለ ልጅ ቤተሰቡ ቦታ የገዛ ይመስለዋል። «የኪራይ ውል» በይው።

እኔ እንዲህ እመልሰዋለሁ፦ «የኪራይ ውሉ ለ12 ወር የጸና ነው። የየወሩ ኪራይ በፈረንጆች ወር በ1ኛው ቀን ይከፈላል።» «በፈረንጆች» የሚለውን አታስቀሪ። የእኛ ወር የሚገባው ከእነሱ ቀናት ዘግይቶ ስለሆነ «ወር በገባ በ1» ብቻ ብትዪ አንዳንዱ በእኛው አቆጣጠር ይጠብቃል። ዲው የመክፈያው ቀን የደረሰ ማለት ነው፤ ያለፈበት ኦቨርዲው ነው። የመዘግየት ቅጣቱ፣ ሌት ፊ የሚሉት፣ ከስንተኛው ቀን እንደሚጀምር ውሉ ላይ ለብቻው ይጻፋል።

ሬንት ግሥ ሲሆን ሌላ ጣጣ አለው። «አይ ሬንት ኤ ሃውስ» ተከራየሁም አከራየሁም ሊሆን ይችላል። ሬንት ፍሮም ካለ ተከራየ፤ ሬንት ቱ ወይም ሬንት አውት ካለ አከራየ። እንግሊዝ አገር አከራዩ ሌት ነው የሚለው፤ በር ላይ «ቱ ሌት» ተለጥፎ ካየሽ የሚከራይ ቤት ነው። መኪና ለጥቂት ቀን መከራየትም እዚያ ሃየር ነው፣ አሜሪካ ሬንት ነው። አሜሪካ ሃየር በብዛት ሰው መቅጠር ነው።

ቀለም_ቀንድ፦
ሎን ተረሳ። ሎን ስም ነው፦ ብድሩ ራሱ። «ቴክ አውት ኤ ሎን» ብድር መውሰድ፣ «ፔይ ኦፍ ኤ ሎን» ብድሩን ከፍሎ መጨረስ። በግሥነት ከሌንድ ጋር እኩል እንደማይሄድ ግን እወቂ፤ «ሎን» ግሥ ነው የሚል ጽሑፍ ካየሽ ስሕተት ነው።

ሰዋስው_ወዳድ፦
@ቀለም_ቀንድ እዚህ ላይ አልስማማም። ግሥ ሆኖ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ከጥንት ጀምሮ አለ፤ «ሂ ሎንድ ሚ ሂዝ ካር» ስሕተት አይደለም። ፊታቸውን የሚያጠቁሩት በብዛት እንግሊዞቹ ናቸው። ገደቡ ሌላ ቦታ ነው፦ ሎን የሚያገለግለው በእጅ ለሚጨበጥ ነገርና ለገንዘብ ነው። «ሌንድ ሚ ኤ ሃንድ» (እስቲ አግዘኝ) የሚለውን «ሎን ሚ ኤ ሃንድ» ብትዪው ይበላሻል። መመሪያው ላይ ሎንን ስም፣ ሌንድን ግሥ አድርጊ፤ የትም አገር ያስኬድሻል።

የወረቀት_ሰው፦
ዲፖዚቱን ዘንግቼው። «ቅድመ ክፍያ» አይሆንም፤ ምክንያቱም ቅድመ ክፍያ ኋላ ከኪራዩ የሚታሰብ ነው። ሴኩሪቲ ዲፖዚት ከኪራዩ አይታሰብም፤ ተቀምጦ ቆይቶ ስትለቂ ይመለሳል፣ ያበላሸሽው ወይም ያልከፈልሽው ካለ ይቀነስበታል። «ተመላሽ የማስያዣ ገንዘብ» ይሻላል። ብዙ ተከራይ የመጨረሻውን ወር ሳይከፍል «ከዲፖዚቱ ያዙት» የሚለው ቃሉን ቅድመ ክፍያ ብሎ ስለተረዳው ነው፤ አከራዩ ዘንድ ግን ያልተከፈለ ኪራይ ሆኖ ይመዘገባል። «ኖርማል ዌር ኤንድ ቴር» የሚለውን ሐረግም አብራሪው፦ በአገልግሎት ብዛት ያረጀ ማለት ነው። የደበዘዘ ቀለም አይቀነስም፤ የተሰበረ በር ይቀነሳል።

«ቀብድ»ም አትበዪው። ቀብድ በብዛት የሽያጭ ነገር ነው፤ በእኛ ሕግ ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ቤት ሲገዛ ለሚከፈለው «ኧርነስት መኒ» የሚቀርበው እሱ ነው፤ ግን አንድ ናቸው ብለሽ አትጻፊ።

ጤና_አዳም፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሁለቱንም አስተካክያለሁ። የቀረኝ አንድ ነው። የባንኩ ወረቀት ላይ ሌሲ፣ ሌሶር፣ ሞርጌጂ፣ ሞርጌጆር የሚሉ አሉ። «ኢ» የሚጨርሰው ተቀባዩ፣ «ኦር» የሚጨርሰው ሰጪው ነው ብዬ ልለፈው?

ቀለም_ቀንድ፦
ሕጉ ትክክል ነው፤ የሚያሳስተው የሚሰጠው ነገር ምን እንደሆነ ነው። ሌሶር ቤቱን ይሰጣልና አከራይ፣ ሌሲ ተከራይ። ሞርጌጅ (ቤት አስይዞ መበደር) ላይ ግን የሚሰጠው ገንዘቡ ሳይሆን መያዣው ነው። ቤቱን በመያዣነት የሚሰጠው ተበዳሪው ስለሆነ ሞርጌጆር እሱ ነው፤ መያዣውን የሚቀበለው ባንኩ ሞርጌጂ ይሆናል። በገንዘቡ ካሰብሽው ሁለቱን አገላብጠሽ ትጽፊያለሽ፣ ቤቱ የተያዘበት ሰው አበዳሪ ሆኖ ቁጭ ይላል። መመሪያው ላይ «ቤቱን ያስያዘው» እና «መያዣ የያዘው ባንክ» ብለሽ ብትጽፊው አንባቢ አይደናገርም።