«ቢያንስ ይነጋገራሉ» ማለት በቂ ነው? ስለ አፍሪካ ህብረት የተነሳ ክርክር

የሳር ቤት ልጅ፦
ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። አንድ ደዋይ «የአፍሪካ ህብረት የመሪዎች ሻይ ቤት ነው፤ ከአዲስ አበባ ቢነሳም የሚጎዳ ሰው የለም» አለ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «እውነቱን ነው!» ብሎ ተቀበለው። ደሜ ፈላ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. እዚሁ ከተማ በተፈረመ ቻርተር፣ ያኔ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተብሎ የተመሰረተ ማህበር እንዴት ሻይ ቤት ይባላል? ያኔ መሪዎቹ የካዛብላንካና የሞንሮቪያ ቡድን ተብለው ለሁለት ተከፍለው ነበር። የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ከተማ ይፍሩ ከአገር አገር ዞረው አግባብተው ነው አንድ አዳራሽ ያስገቧቸው። ዛሬ አባሎቹ 55 ናቸው። ችግር የለበትም አላልኩም። ግን ቢያንስ ይነጋገራሉ።

ነርሷ፦
«ቢያንስ» ያልካትን ቃል ልያዛት። ከ60 ዓመት በኋላ የምንኮራበት ነገር «ቢያንስ» ነው? እኔ ተረኛ ሆኜ «ቢያንስ ይተነፍሳል» ብዬ በሽተኛ ጥዬ አልሄድም። ባለፈው ስብሰባ ጊዜ እናቴን ለኩላሊት እጥበት ይዤ ወጥቼ ሜክሲኮ ጋ አንድ ሰዓት ተኩል ቆምን። ውሃ እንደልቧ መጠጣት አትችልም። ከንፈሯ ደርቆ፣ የቀጠሮ ካርዷን ደረቷ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። መኪኖቹ በአጃቢ ሲያልፉ «እነማን ናቸው?» አለችኝ። መሪዎች ናቸው አልኳት። «ምን ሊሰሩ መጡ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ።

የሳር ቤት ልጅ፦
እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። በሽተኛ የያዘ መኪና ማለፊያ ሊያጣ አይገባም፤ በዚህ ካንቺ ጋር ነኝ። ግን አንቺ በሙያሽ የምታውቂው ነገር አለ። የህብረቱ የበሽታ መከላከያ ማዕከል አዲስ አበባ ነው ያለው። ኮቪድ ጊዜ አገሮቹ በጋራ ሆነው 220 ሚሊዮን የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ክትባት ለመግዛት ተዋዋሉ። ለየብቻ ቢሄዱ ትንሾቹን አገሮች ማን ይሰማቸው ነበር? ሻይ ቤት ይሄን ይሰራል?

ነርሷ፦
እሱን አልክድም። በመጋቢት 2012 ከቻይናዊው ባለሀብት ከጃክ ማ ተልኮ በቦሌ በኩል ለአህጉሩ የተከፋፈለውን ማስክ እኔም አድርጌዋለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለምንድን ነው ወረርሽኝ ሲመጣ ብቻ የምናየው? «ቢያንስ» የሚለውን ቃል ካላነሳኸው አልለቅህም።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ እኔ በ1955 ተማሪ ነበርኩ። ባንዲራ ይዘን መንገድ ዳር ተሰልፈናል። ከዚያ በፊት መምህራችን የየአገሩን ባንዲራ በከለር እርሳስ ያስሉን ነበር። የጋናው አልጠፋኝም። ቀለሙ እንደኛው ሆኖ መሀሉ ላይ ጥቁር ኮከብ አለው። የኔ ጥቁር እርሳስ አልቆብኝ ኮከቡን በከሰል ሞላሁት። ከዚያ ዘመን ተነስታችሁ ፍረዱ። ገና በቅኝ ግዛት ስር የነበረው አገር ብዙ ነው። ድርጅቱ የነጻነት ኮሚቴውን ዳሬሰላም ላይ አቋቁሞ ለሞዛምቢክ፣ ለአንጎላ፣ ለዚምባብዌ ታጋዮች ድጋፍ አድርጓል። ማንዴላን ኮልፌ ያሰለጠነ ድርጅት ነው። ይሄን ሻይ ቤት የሚል ሰው ታሪክ አልተማረም።

ካዛንቺስ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማንዴላ ኮልፌ የሰለጠነው በ1954 ነው። ድርጅቱ ያኔ ገና አልተመሰረተም። ያሰለጠነችው ኢትዮጵያ ናት። አንድ አገር ቆርጦ ሲነሳ ስራ ይሰራል፤ 55ቱ ሲሰበሰቡ ግን መግለጫ ይወጣል።

ጡረተኛው መምህር፦
እርማቱን ተቀብያለሁ ልጄ። ዳሬሰላምን ግን አልነካህም።

ካዛንቺስ፦
ዳሬሰላምን አከብራለሁ ጋሼ። እኔ የማወራው ስለዛሬው ነው። የተቀመጡበት ህንጻ በ200 ሚሊዮን ዶላር ቻይና ሰርታ የሰጠችው ነው። በፈረንጆቹ 2018 የፈረንሳዩ ለሞንድ ጋዜጣ ከዚያ ህንጻ መረጃ በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ ይሄድ ነበር ብሎ ጻፈ። ቻይና አስተባበለች። እሺ፣ ይተባበል። ግን የራሱን ቤት በራሱ ገንዘብ ያልሰራ ማህበር በቤቱ ያዝዛል? በፈረንጆቹ 2016 ኪጋሊ ላይ ከውጭ ከሚገባ ዕቃ 0.2 በመቶ እየቆረጥን ራሳችንን እንችላለን ተባለ። ጥቂቶቹ ጀመሩ፣ ብዙዎቹ ዝም አሉ። የሰፈር እድር እንኳ መዋጮ ያልከፈለን ስሙን ይጠራል።

የከርቸሌ ሰፈር፦
ህንጻው ከተነሳ እኔም አንድ ነገር ልበል። ያ ቦታ ከርቸሌ ነበር። ዓለም በቃኝ። ህዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60ዎቹ በደርግ የተረሸኑበት ግቢ ነው። አያቴ ለልጇ ስንቅ ታመላልስ ነበር። አንድ ቀን ሳህኑን ሳይቀበሏት መለሱላት። እስከ ዕለተ ሞቷ በዚያ በኩል አታልፍም ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ስለ ሰብዓዊ መብት የሚያወራ ሰው መጀመሪያ የረገጠውን መሬት ይወቅ። ሻይ ቤትም አትበሉት። መሬቱ ከብዶኛል።

ጡረተኛው መምህር፦
ነፍስ ይማር። እኔም እዚያ የቀረ ጓደኛ አለኝ።

የጄፒ ነጋዴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ ነው የምሰራው። ከሆሳዕና ተነስቼ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ አድርጌ ነው የገባሁት። አራት አባል አገሮችን በሌሊት እንደ ሌባ ተደብቄ አቋርጫለሁ። ከአንዱ አገር እስር ቤት ሰባት ወር ተቀምጫለሁ። በፈረንጆቹ ጥር 2015 ሶዌቶ የውጭ ሰው ሱቅ ሲዘረፍ የኔም አልቀረም። የብረት በሩን ሲገነጥሉት ኮርኒስ ውስጥ ተኝቼ እሰማ ነበር። ሲነጋ መደርደሪያው ላይ የቀረው ግማሽ ካርቶን ሳሙና ብቻ ነው። በዚያው ወር እናንተ ጋ አዲስ አበባ ላይ የህብረቱ የረጅም ጊዜ እቅድ፣ አጀንዳ 2063፣ ጸደቀ። አፍሪካዊ በአህጉሩ እንደልቡ ይንቀሳቀሳል የሚል አለበት። የሳር ቤት ልጅ፣ ወንድሜ፣ «ቢያንስ ይነጋገራሉ» አልክ። ስለኔ ነበር እኮ ሲነጋገሩ የነበረው።

የሳር ቤት ልጅ፦
ወንድሜ፣ ለዚህ መልስ የለኝም። እንኳን ነፍስህ ተረፈ።

ጠበቃዋ፦
እኔ አንድ ነገር ላስገባ፤ እዚህ ጋ ሁላችሁም የሳታችሁት አለ። «ህብረቱ» የሚባል ራሱን ችሎ የሚወስን ሰው የለም። ውሳኔው በየዋና ከተማው ነው ያለው። በጥር 2018 እ.ኤ.አ. የሰዎች ነጻ እንቅስቃሴ ፕሮቶኮል ጸደቀ። ስራ ላይ ለመዋል 15 አገር በየፓርላማው ማጽደቅ አለበት። ያጸደቁት በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። በሁለት ወር ልዩነት ኪጋሊ ላይ ነጻ የንግድ ቀጣናው ተፈረመ። እሱ የሚፈልገው 22 አገር ነበር፤ በ14 ወር ውስጥ ተሟልቶ ግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ስራ ላይ ዋለ። ሲፈልጉ ይችላሉ ማለት ነው። ለካርቶኑ በር ከፈቱለት፣ ካርቶኑን ለተሸከመው ሰው ዘጉበት። ይሄን ያደረገው ሳር ቤት ያለው ጽህፈት ቤት አይደለም። የኛኑም ጨምሮ የየአገሩ መንግስት ነው። ስድቡን ወደ አድራሻው ላኩት።

ካዛንቺስ፦
ጥሩ፣ የኛንም አነሳሽ። በሰሜኑ ጦርነት ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሲያልቅ ህብረቱ እዚሁ ከተማችን ተቀምጦ ነበር። የት ነበር?

ጠበቃዋ፦
አዲስ አበባ «የውስጥ ጉዳዬ ነው» ስትል ነበር። መልዕክተኞች ገና በመጀመሪያው ወር መጥተው ነበር። በመጨረሻም ፕሪቶሪያ ላይ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሁለቱን ወገን ያስፈረመው ይሄው ህብረት ነው።

ካዛንቺስ፦
ዘግይቶ። የህብረቱ ህግ አንቀጽ 4 ዘር ማጥፋትና የጦር ወንጀል ሲፈጸም ጣልቃ የመግባት መብት ይሰጠዋል። ከሩዋንዳ በኋላ የተጻፈ አንቀጽ ነው። ወረቀት ላይ ቀረ።

ጠበቃዋ፦
መብት ይሰጣል፣ የሚወስነው ግን የመሪዎች ጉባኤ ነው። መሪ በመሪ ላይ እጁን አያወጣም፤ ነገ በሱ ይደርሳላ። እኔም የምለው ይሄንኑ ነው።

ካዛንቺስ፦
እንግዲህ ደዋዩ ምን ተሳሳተ?

ጠበቃዋ፦
ከአዲስ አበባ ይነሳ ማለቱ! ደጃችን ላይ ሆኖ ያልጠየቅነውን ሌላ አገር ሲሄድ እንጠይቀዋለን? አየር መንገዳችን እንኳ በአህጉሩ እንዲህ ሲሰፋ የሰማይ በር ይከፈት የሚለው የ1999 እ.ኤ.አ. የያሙሱክሮ ውሳኔ አግዞታል። ጥቅሙን ስንበላ ዝም፣ ሲደክም ይነሳ?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ እዚህ ላይ እጅሽን ልሳም።

ነርሷ፦
የሳር ቤት ልጅ፣ ጠፋህ። «ቢያንስ»ን አነሳህ ወይስ አላነሳህም?

የሳር ቤት ልጅ፦
አነሳሁ። ከጄፒው ወንድማችን በኋላ ያን ቃል መድገም ከበደኝ። ሻይ ቤት የሚለውን ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልቀበልም።

የጄፒ ነጋዴ፦
እኔም ሻይ ቤት አላልኩም። ሻይ ቤት ማንም ሰው ይገባል። አሁን ሱቅ የምዘጋበት ሰዓት ነው፣ እዚህ ከመሸ አይቆይም። ነርሷ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ።