የቪታራዬ የሞተር ኮምፒውተር ነው የተበላሸው ወይስ ሽቦው? ከመቀየሬ በፊት ምክራችሁን እፈልጋለሁ

ጥያቄ፦ የሱሉልታ ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1994 ሞዴል ሱዙኪ ቪታራ ስትሆን ሞተሯ 1.6 ሊትር ባለ 16 ቫልቭ፣ ካምቢዮዋም ማንዋል ነው። ሱሉልታ ማለዳ ላይ ብርዱ ከባድ ነው፤ ችግሩም የሚብሰው በዚያ ሰዓት ነው። ቁልፉን ኦን ላይ ሳደርገው የቼክ ኢንጅን መብራት አንዳንድ ቀን ይበራል፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይበራም። ባልበራበት ቀን ሞተሪኖው በደንብ ቢያዞርም ሞተሩ አይነሳም። ቁልፉን ኦን ላይ ትቼ ጥቂት ደቂቃ ከጠበቅሁ ግን መብራቱ ቦግ ይልና ሞተሩ ወዲያው ይነሳል። ከሞቀ በኋላ እስከ አዲሱ ገበያ ድረስ ያለችግር እወርዳለሁ፤ ሚኒሞው (ቤንዚን ሳልሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል።

አንድ ጋራዥ ካንዴላና የቤንዚን ፓምፕ ቀይሮልኝ ለውጥ ሲጠፋ፣ አሁን ደግሞ «ኮምፒውተሩ ስለሞተ ከሶማሌ ተራ ሌላ ገዝተህ አምጣ» ተብያለሁ። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ይህችን መኪና የምተካበት መንገድ ስለሌለኝ በግምት ገንዘብ ማውጣት አልፈልግም። ጥፋቱ የኮምፒውተሩ መሆኑን በምን ላረጋግጥ? ያገለገለ ብገዛስ ምኑን ማመሳሰል አለብኝ?

መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሪሺያን፣ ገላን

ወንድሜ፣ የገለጹት ምልክት ኮምፒውተሩን የሚያስጠረጥር ቢሆንም ለመፍረድ አያበቃም። ያንን መብራት የሚያበራው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ቁልፉ ኦን ላይ ሆኖ መብራቱ ካልበራ፣ አምፑሉ ደህና እስከሆነ ድረስ፣ ወይ ኮምፒውተሩ ኃይል አላገኘም ወይ አግኝቶ አልሠራም ማለት ነው። እነዚህን ሁለቱን መለየት የሚቻለው በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ብቻ ነው፤ ልኬቱም ችግሩ ባለበት በማለዳው ሰዓት መሆን አለበት። መኪናዋ ሞቃ ጋራዥ ከደረሰች በኋላ የሚደረግ ልኬት ሁሉ «ደህና ነው» ስለሚል ለምንም አይረባም።

ባትሪው ሞተሩም መብራቱም ጠፍቶ ሲለካ ወደ 12.6 ቮልት ማሳየት አለበት። ቀጥሎ ቁልፉን ኦን ሲያደርጉ ዋናው ሪሌ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚለቀው ማብሪያ) ቀጭ ሲል ይስሙ፤ ከዚያ ዳሽቦርዱ ስር ካለው ኮምፒውተር ሶኬቱን ሳይነቅሉ፣ ከሽቦዎቹ ጀርባ በኩል የባትሪው ቮልት መድረሱን ይለኩ። ብዙ ሰው የሚዘለው የኔጌቲቩን ነው። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በኮምፒውተሩ የኔጌቲቭ ሽቦ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርገው ረዳትዎ ሞተሪኖውን ሲያዞር ከ0.1 ቮልት ብዙ የሚበልጥ ከታየ፣ ሽቦው ከሞተሩ ጋር የታሰረበት ብሎን ዝጓል ወይም ላልቷል፤ ይህ ደግሞ በብረት ብሩሽ የሚፈታ ችግር ነው።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ፣ ኮምፒውተሩ ለቤንዚን መስጫው ሴንሰር የሚልከውን 5 ቮልት ይለኩ። ከጎደለ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ አንዱን ሲነቅሉ ቮልቱ ከተመለሰ ሾርት የሆነው እርሱ ነው። ሁሉም ተነቅለው እንኳ 5 ቮልቱ ካልመጣ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩን መክሰስ ይቻላል። መብራቱ በሚሠራበት ሰዓት በብልጭታው የሚያሳየውን የጥፋት ኮድም ያንብቡ፤ በዚህ ሞዴል 12 ቁጥርን የሚያሳይ ብልጭታ የተመዘገበ ጥፋት የለም ማለት ነው።

መልስ፦ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ጠጋኝ፣ ሰበታ

በብርድ ተበላሽቶ ኃይል ሲያገኝ ቀስ ብሎ የሚመለስ ኮምፒውተር በአብዛኛው የካፓሲተር (በቦርዱ ላይ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚያጣራ ትንሽ ዕቃ) በሽታ ነው ያለበት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በተሠሩ የጃፓን መኪኖች፣ በተለይ በፓጄሮና በቪታራ፣ ይህ የታወቀ ነገር ነው። በካፓሲተሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በዕድሜ ይደርቃል ወይም ይፈስሳል፤ የቀረው ሲቀዘቅዝ ኃይሉን አጣርቶ ማስተላለፍ ይሳነዋል፣ ሲሞቅ ግን ይሻለዋል። የፈሰሰው ደግሞ የቦርዱን የመዳብ መስመር ይበላል።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተው ኮምፒውተሩን ያውጡና ክዳኑን ይክፈቱ። በካፓሲተሮቹ እግር ዙሪያ የጠቆረ ወይም አረንጓዴ ዝቃጭ ካለ፣ የዓሣ የሚመስል ሽታም ከሸተተዎት መልሱን አግኝተዋል። የሚተኩት ካፓሲተር ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ ሙቀት የመቋቋም አቅሙም 105 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። ከአሮጌ ሬዲዮ የተነቀለ እንዳያስገጥሙ።

መልስ፦ የቪታራ ባለቤት፣ ለገጣፎ

ሌላ የሚገዙ ከሆነ በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን 33920 ብሎ የሚጀምር ቁጥር እስከ መጨረሻው ፊደል ያመሳስሉ። የማንዋልና የአውቶማቲክ ይለያያል፤ ሶኬቱ መግጠሙ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ኢሞቢላይዘር (ከራሱ ቁልፍ በቀር ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከለክል የስርቆት መከላከያ) ካለው መኪና የወጣ ከሆነም ቁልፉን ስለማያውቀው ሞተሩ አይነሳም።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መብራቱ እምቢ ባለበት ማለዳ ስለካ ለኮምፒውተሩ 12.4 ቮልት ይደርሰዋል፣ ኔጌቲቩም ደህና ነው፤ በ5 ቮልቱ ፈንታ ግን ሁሉም ሴንሰሮች ተነቅለው እንኳ ከ1 ቮልት በላይ አላገኘሁም። ክዳኑን ስከፍተው ከትልቁ ካፓሲተር ስር አረንጓዴ ዝቃጭ አለ፤ አንድ ቀጭን የመዳብ መስመርም ሊበጠስ ደርሷል። በዚህ ሁኔታ ይጠገናል?

መልስ፦ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ጠጋኝ፣ ሰበታ

ይጠገናል። ዝቃጩ በአልኮል በደንብ ይታጠብ፣ ካፓሲተሮቹ በሙሉ ይቀየሩ፣ የተበላው መስመር በቀጭን ሽቦ ይቀጠል። ፈሳሹ ትላልቆቹ አይሲዎች (ቺፖች) ስር ከገባ ወይም የቦርዱን ውስጠኛ ንብርብር ከበላ ግን ሌላ መግዛቱ ይሻላል። የሚኒሞው መዋዠቅ ስላለ፣ ኮምፒውተሩ ከመመለሱ በፊት የሚኒሞ ቫልቩ ጠምዛዛ ሽቦ ሾርት አለመሆኑን አስለክተው ያረጋግጡ፤ ሾርት ከሆነ የሚያዝዘውን ትራንዚስተር ያቃጥላል፣ አዲስ ያስገቡትንም ቢሆን አይምረውም። ጥገናው የሚፈተነው መኪናዋ ሌሊቱን ሱሉልታ ውጭ አድራ ማለዳ ላይ ስትነሳ ስለሆነ፣ ሶማሌ ተራ ያዩት ዕቃ ካለ ነጋዴው እስከዚያ እንዲያቆይልዎ ይጠይቁት።