ቪትዝ ፑሽ ስታርት፦ ዳሽቦርዱ ይበራል፣ ሞተሪኖው ግን ዝም

ቪትዝ1300፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ቶዮታ ቪትዝ 2008 ናት፣ አውቶማቲክ። ፍሬን ረግጬ በተኑን ስጫን ሬዲዮው ይከፍታል፣ ስደግመው ዳሽቦርዱ ይበራል፣ ሦስተኛው ላይ ሁሉም ይጠፋል። ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው፣ "ቀጭ" እንኳ አይልም። የበተኑ መብራት ብርቱካናማ ነው። ደጋግሜ ስሞክር አንዳንዴ ድንገት ትነሳለች። ባትሪው በቴስተር 12.5 ቮልት ነው፣ ሪሞቱ በር ይከፍታል ይዘጋል። ሞተሪኖ ቀይር ተብያለሁ። ብር ከማውጣቴ በፊት ምን ልይ?

ሽቦ ፈቺ፦
ሞተሪኖውን ለጊዜው ተወው። ሬዲዮ፣ ዳሽቦርድ፣ ከዚያ መጥፋት ያልከው ፍሬን ሳይረገጥ በተኑ ሲጫን የሚሆነው ነው። ቁልፉ ታውቆ ፍሬን ከተረገጠ መብራቱ አረንጓዴ መሆን አለበት። ብርቱካናማ ሆኖ ከቀረ ኮምፒውተሩ ፍሬን መረገጡን አላየም፣ ስለዚህ ለሞተሪኖው ትእዛዝ አልላከም። ትእዛዝ ካልደረሰው አዲሱም ሞተሪኖ ዝም ነው የሚለው። ሦስተኛው ላይ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ ደግሞ ማርሹ ፒ (ማቆሚያው) ላይ መሆኑን እንዳወቀ ያሳያል፤ ባያውቅ ኖሮ ወደ ሬዲዮው ደረጃ ይመለስ ነበር።

ሁለት ነገር ሞክር፣ መፍቻ አያስፈልግም። ሰው ከኋላ አቁምና ፍሬን ርገጥ፤ ሰው ከሌለ ማታ ግድግዳ አስጠግተህ በመስታወት እይ። ሦስቱም የፍሬን መብራቶች ካልበሩ አምፖሎቹን አትጠርጥር፣ ሦስቱ ባንዴ አይቃጠሉም። ቀጥሎ ዳሽቦርዱን አብርተህ ፍሬን እንደረገጥክ ማርሹን ከፒ ለማውጣት ሞክር። እምቢ ካለ ያው ነው፣ ማርሹን የሚፈታው ምልክት የሚመጣው ከዚሁ የፍሬን ስዊች ነው።

ሁለቱም ከሆኑ መጀመሪያ ስቶፕ የተባለውን ፊውዝ እይ፣ ቦታው የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ተጽፏል። ፊውዙ ደህና ከሆነ ከፍሬኑ ፔዳል እጀታ በላይ ያለውን ስዊች በባትሪ መብራት ፈልግ። ሶኬቱ ሳይነቀል ቴስተሩን ከኋላ በኩል አስገባ። አንዱ ሽቦ ሁልጊዜ ባትሪው ያለው ቮልት አለው፣ ሌላው ፔዳሉ ሲረገጥ ያንኑ ማግኘት አለበት። 12.5 ገብቶ 7 ወይም 8 ከወጣ፣ ወይም ቁጥሩ ከተንቀጠቀጠ፣ ውስጡ ያለው ኮንታክት (ተነካክቶ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ብረት) ተቃጥሏል። አንዳንዴ የምትነሳውም ለዚህ ነው።

አንድ ሌላ ነገር፦ ሞተር ጠፍቶ ፍሬን ደጋግመህ ከረገጥክ ፍሬኑን የሚያግዘው ቫኪዩም ያልቅና ፔዳሉ ይጠነክራል፣ ብዙም አይወርድም። ያኔ ከወትሮው ጠንከር አድርገህ ርገጥ።

መንገድ ላይ ከቀረህ፦ ማርሽ ፒ፣ የእጅ ፍሬን ተስቦ፣ በተኑን አንዴ ብቻ ተጭነህ ሬዲዮው ላይ አድርሰው። ከዚያ ፍሬን አጥብቀህ እንደረገጥክ በተኑን 15 ሰከንድ ያህል ሳትለቅ ተጫን። ቶዮታ ለችግር ጊዜ ያስቀመጠው መንገድ ነው፤ የዕለት ተዕለት ማስነሻ አታድርገው።

ባትሪና ዲናሞ፦
በሽቦ ፈቺ እስማማለሁ። ግን ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ካልተነሳለት ጉዳዩ ሌላ ነው።

12.5 ማለት ባትሪው ቆሞ የተለካው ነው። ዋናው ሞተሪኖው ሲዞር የሚያሳየው ነው፤ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። "ቀጭ ቀጭ ቀጭ" ካለ ወይ ባትሪው ነው ወይ የባትሪው ራስ ላይ ያለው ማሰሪያ። ማሰሪያውን ለመለየት የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ራስ ላይ፣ ሌላውን ማሰሪያው ላይ አድርገህ ሰው በተኑን ይጫን። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ፍታና አጽዳ። ነጩን ዝገት በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ታጥበዋለህ፣ ስትፈታ ኔጌቲቩን አስቀድም፣ ስትመልስ መጨረሻ አድርገው።

አንዴ ጮክ ብሎ "ቀጭ" ብሎ ዝም ካለና ቮልቱ ካልወረደ ያኔ ነው ሞተሪኖው የሚጠረጠረው፤ ብዙ ጊዜ ሙሉው ሳይሆን የሶሌኖይዱ (ሞተሪኖው ላይ ያለው የማግኔት ማብሪያ) መዳቦች ናቸው ያለቁት። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ማርሹን ኤን (ነፃው) ላይ አድርገህ ሞክር፣ በኤን ከተነሳ የማርሹ ስዊች ነው። ከዚያ የሞተሪኖውን ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ያንኑ ቁጥር ከያዘ ሌላ ሪሌ ጋር አለዋውጥ።

አውቶማቲክን ደግሞ እባካችሁ አታስገፉ። ሰፈሩ ሁሉ ቢተባበር ሞተሩን አያዞረውም።

ስማርት ኪ፦
ስለ ቁልፉ ልጨምር። ሪሞቱ በር ከፈተ ማለት መኪናው ውስጥ ይታወቃል ማለት አይደለም። በር ለመክፈት የሪሞቱን በተን ስትጫን ቁልፉ ራሱ ምልክት ይልካል፤ ለማስነሳት ግን መጀመሪያ መኪናዋ ቁልፉን ትጠራለች፣ እሱ ይመልሳል። ከሞባይል ወይም ከቻርጀር ጋር አንድ ቦታ ከተቀመጠ ጥሪው ላይሰማው ይችላል። በጠያቂው መኪና ግን ቁልፉ ታውቋል፣ ባይታወቅ ሬዲዮውም አይከፍትም ነበር።

በተኑ ጭራሽ ካልመለሰ ፍሬን ርገጥና የቁልፉን የቶዮታ ምልክት ያለበትን ፊት በተኑ ላይ አስነካ፤ ድምፅ ሲሰጥና አረንጓዴ ሲሆን ወዲያው ተጫን። በዚህ ከተነሳ የቁልፉን ባትሪ ቀይር፤ እንደ ቁልፉ ዓይነት ሲአር 1632 ወይም ሲአር 2032 ነው፣ የድሮው ላይ ያለውን አይተህ ግዛ። አረንጓዴው በፍጥነት ብልጭ ድርግም ካለ መሪው ተቆልፎ ነው፣ መሪውን ግራ ቀኝ እያወዛወዝክ ተጫን።

ቪትዝ1300፦
ሞከርኩ። ማርሹ ከፒ አይወጣም፣ የኋላ መብራቶቹም አይበሩም። ፊውዙ ደህና ነው። በስዊቹ 12.4 ገብቶ ሲረገጥ የሚወጣው በ5 እና በ9 መካከል ይዋልላል። ስዊች እስካገኝ ሁለቱን ሽቦ ባገናኛቸውስ?

ሽቦ ፈቺ፦
እንዳታደርገው። ካገናኘሃቸው የፍሬን መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። የግራና የቀኙ ተራ አምፖል ከሆኑ እነሱ ብቻ ባለ 21 ዋት ሁለት ናቸው፣ ወደ 3.5 አምፔር ይስባሉ፤ የ45 አምፔር ሰዓት ባትሪ እስኪነጋ ማስነሳት ያቅተዋል። ከኋላህ ያለው ሹፌር መቼ እንደያዝክ አያውቅም፣ ዳሽቦርዱ በርቶ ሳለ ማርሹም ሕፃን ቢነካው ከፒ ይወጣል። ስዊቹ እስኪገኝ የ15 ሰከንዱ ይበቃሃል፣ ግን የፍሬን መብራት ስለሌለህ አስፋልት ላይ አትውጣባት፤ ወደ ጋራዥ መውሰድ ግድ ከሆነ ማርሹን የሚፈታ ማስለቀቂያ ከማርሹ ጎን በትንሽ ክዳን ሥር አለ። ኮንታክቱን በብርጭቆ ወረቀት ጠርገው የሚመልሱም አሉ፤ ተመልሶ ይቃጠላል፣ ስዊቹ ደግሞ ውድ ዕቃ አይደለም።

አዲሱን ስታስገባ የሶኬቱ ሽቦ ብዛት ከድሮው ጋር አንድ መሆኑን እይ፣ ሁለትም አራትም ሽቦ ያለው አለ። ፔዳሉ ሲለቀቅ የስዊቹ ጫፍ ተገፍቶ እስኪገባ አስጠጋው፣ በስዊቹ አካልና በፔዳሉ መካከል 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ተው። ጫፉ የሚያርፍበትን ትንሽ ፕላስቲክም ዳስሰው። በዕድሜ ይፈረካከሳል፣ ፍርፋሪው ምንጣፉ ላይ ይገኛል፤ እሱ ከሌለ የፔዳሉ ቀዳዳ ላይ ጫፉ ያልፍና ፍሬን ባትረግጥም መብራቱ አይጠፋም። ጨርሰህ ፔዳሉን ስትለቅ ከኋላ ዞረህ መጥፋቱን ሳታይ መኪናዋን አትቆልፍ።