እግዚአብሔር ፈቅዶለት ከሠራ፣ ሰይጣን ክፉ የሚባለው ለምንድን ነው?

ንባብ_ወዳድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ከመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 1 እና 2 የተነሣ ነው። ሰይጣን ከእግዚአብሔር ልጆች ጋር በፊቱ ይቆማል፤ ይጠየቃል፣ ይመልሳል፣ ይፈቀድለታል፤ ከተሰመረለት መስመርም አያልፍም። እንዲህ ሲታይ ዐቃቤ ሕግ እንጂ ወንጀለኛ አይመስልም። ዐቃቤ ሕግ ደግሞ ስለከሰሰ ብቻ ክፉ አይባልም።

ሌላው፣ የፈጠረው እግዚአብሔር ከሆነና እግዚአብሔር ክፉ ነገር ካልፈጠረ፣ ክፋቱ ከየት መጣ? «ታበየና ወደቀ» የሚለውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የምፈልገው ከዚያ ጠለቅ ያለውን ነው። የቱ በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈ፣ የቱ በትውፊት የመጣ እንደሆነ ለይታችሁ ብትነግሩኝ ደግሞ በጣም አመሰግናለሁ።

ብሉይ_አንባቢ፦

ወንድሜ፣ ዐቃቤ ሕግ ማለትህ ግማሹ ልክ ነው። በኢዮብም በዘካርያስ 3 ላይም ሰይጣን የሚታየው ከሳሽ ሆኖ ነው፤ በዘካርያስ እንዲያውም ሊቀ ካህናቱን ኢያሱን ሊከስሰው በቀኙ ቆሟል። ግን አከሳሰሱን ልብ በል።

ዐቃቤ ሕግ የሚከስሰው በተሠራ ወንጀል ነው። እዚህ ግን ዳኛው ራሱ «ፍጹምና ቅን» ብሎ መስክሮለታል (1፥8)። ሰይጣን ይህን ምስክርነት በማስረጃ አላፈረሰም፤ «ኢዮብ እግዚአብሔርን የሚፈራው እንዲያው በከንቱ ነው ወይ?» ብሎ የልቡን ዓላማ ነው ያጠቆረው። ክሱ ሁለት ስለት አለው፤ ኢዮብ ቅጥረኛ ነው፣ እግዚአብሔርም ያለ ደመወዝ የሚወደው የለም ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ደግሞ ከሳሹ ራሱ ቅጣት ፈጻሚ ይሆናል። 7,000 በጎች፣ 3,000 ግመሎች፣ 500 ጥማድ በሬዎች፣ 500 እንስት አህዮች፣ ከሁሉ በላይ ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች በአንድ ቀን ያልቃሉ። 1፥16ን ተመልከት፤ አምልጦ የመጣው አገልጋይ «የእግዚአብሔር እሳት ከሰማይ ወደቀች» ብሎ ነው የነገረው። ጉዳቱን ያደረሰው አይታይም፤ ስሙ የሚጠፋው እግዚአብሔር ነው። ይህ የአቃቤ ሕግ አሠራር አይደለም።

ሦስተኛው ከሁሉ የባሰው ይመስለኛል። ኢዮብ አልሰደበም፤ ክሱ ውድቅ ሆነ። ሰይጣን ግን ክሱን አላነሣም፤ ወደ ሥጋው አዛወረው (2፥4-5)። 2፥3 ላይ እግዚአብሔር ሰይጣንን ኢዮብን «በከንቱ» እንዳጠፋው ገፋፋኸኝ ይለዋል፤ 1፥9 ላይ ሰይጣን ራሱ የተጠቀመባት ቃል ናት፣ ተመልሳ መጣችበት። ከምዕራፍ 2 በኋላ መጽሐፉ 40 ምዕራፍ ሲቀጥል ሰይጣን አንድ ጊዜም አይታይም። ፍርዱ ሲሰጥ ምዕራፍ 42 ላይ የለም። ክሱን በእርሱ ፈንታ የቀጠሉት ሦስቱ ወዳጆች ናቸው፤ የተገሠጹትም እነርሱ።

ስለ ፈቃዱ፦ «ሰውነቱን አትንካ» (1፥12)፣ «ሕይወቱን ተው» (2፥6) ማለት ገደብ ነው፣ ሽርክና አይደለም። በዚያው ታሪክ ውስጥ ሳባውያንና ከለዳውያን ዘራፊዎችም አሉ። እነርሱ ስለ ሰማዩ ጉባኤ የሚያውቁት የለም፤ ግመልና በሬ ፈልገው ነው የመጡት። በአንድ ድርጊት ላይ ሦስት ፈቃድ አለ ማለት ነው፤ ክፋት የሚለካው ደግሞ እያንዳንዱ በፈለገው ነው። ይህን ካልለየህ 2 ሳሙኤል 24፥1 እና 1 ዜና 21፥1 ላይ ትሰናከላለህ። ዳዊት ሕዝቡን እንዲቆጥር ያነሣሣው አንደኛው ጋ የእግዚአብሔር ቁጣ፣ ሁለተኛው ጋ ሰይጣን ነው። አንዱን መርጠህ ሌላውን ስትጥል ነው ነገሩ የሚበላሸው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የክርስትና ትምህርት ስለ ዲያብሎስ በኢዮብ ላይ ብቻ አልቆመም። ዋናዎቹ ምሰሶዎች አዲስ ኪዳን ውስጥ ናቸው፤ ዮሐንስ 8፥44፣ 1 ዮሐንስ 3፥8፣ ዕብራውያን 2፥14፣ ራእይ 12። ከእነዚህ ዮሐንስ 8፥44ን አስቀድም፤ ነፍሰ ገዳይና የሐሰት አባት ብሎ ሁለቱን ወንጀሎች በአንድ ቁጥር ያስቀምጣል።

ዘአንድምታ፦

የተጻፈውንና ትውፊቱን ለይታችሁ ንገሩኝ ስላልክ ከዚያው ልጀምር።

ውድቀቱን በአንድ ቦታ ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚተርክ ምዕራፍ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። ያሉት ቁርጥራጮች ናቸው፦ 2 ጴጥሮስ 2፥4 (እግዚአብሔር ለበደሉ መላእክት አልራራላቸውም)፣ ይሁዳ 6 (መኖሪያቸውን ተዉ)፣ 1 ጢሞቴዎስ 3፥6 (ትዕቢትና የዲያብሎስ ፍርድ)፣ ሉቃስ 10፥18 (እንደ መብረቅ ወደቀ)። ኢሳይያስ 14 እና ሕዝቅኤል 28 በፊት ለፊት ንባባቸው ስለ ባቢሎንና ስለ ጢሮስ ነገሥታት ይናገራሉ፤ በምሥጢር ለሳጥናኤል (ሰይጣን ከመውደቁ በፊት ለነበረው ስሙ ነው) ይተረጎማሉ። አንዱ ሌላውን አያፈርስም፤ «አንድም» እያለ ትርጉም በትርጉም ላይ የሚጨምረው ትርጓሜ አንድምታ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ሳጥናኤል መላእክትን «እኔ ፈጠርኳችሁ» ያለበት ታሪክ ግን ከአክሲማሮስ፣ ከሥነ ፍጥረት ትምህርት የመጣ ነው። አሰላለፉ እንዲህ ነው፦ መላእክት በሦስት ሰማያት፣ በኢዮር፣ በራማና በኤረር ሰፈሩ። ኢዮር አራት ከተማ፣ ራማ ሦስት፣ ኤረር ሦስት፤ አሥር ከተማ በየአሥር ነገድ፣ መቶ ነገድ ይሆናል። ሳጥናኤል በኢዮር አጋእዝት የተባሉት መላእክት አለቃ፣ ከሁሉ በላይ የሰፈረ ነበር። ፈጣሪ ተሰወራቸው። «ማን ፈጠረን?» እያሉ ሲጠይቁ ሳጥናኤል ሽቅብ ቢያይ ከበላዩ የሚታይ የለም። የሚመጣው ጥያቄና ምስጋና በእርሱ በኩል ነበረና «እኔ ፈጠርኳችሁ» አለ።

እዚህ ላይ ጥያቄህ ይመለሳል። ሳጥናኤል ራሱን እንዳልፈጠረ ያውቃል። አላዋቂነት ቢሆን ኖሮ ይማር ነበር፤ እርሱ ግን እያወቀ የሌለውን ተናገረ። በሐልዮ (በማሰብ) ጀመረና በነቢብ (በመናገር) ፈጸመው። ከበታቹ፣ በራማ የአርባብ አለቃ የሆነው ቅዱስ ገብርኤል በዚያው መሰወር፣ በዚያው ጥያቄ መካከል «ንቁም በበህላዌነ እስከ ንረክቦ ለአምላክነ»፣ አምላካችንን እስክናገኘው በያለንበት ጸንተን እንቁም አለ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ፍጥረት፣ አንድ ዓይነት ፈተና ነበራቸው። ስለዚህ ልዩነቱ ከተፈጥሮ አልመጣም፤ ከምርጫ ነው። በኅዳር 12 የቅዱስ ሚካኤል በዓለ ሢመት የሚከበረውም ከዚሁ ትምህርት ጋር ተያይዞ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ዐቃቤ ሕግ ስላነሣህ። በኛ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ያለው መጽሐፈ ኩፋሌ ምዕራፍ 10 ላይ መስቴማ የሚባለው የርኩሳን መናፍስት አለቃ ቀርቦ ይለምናል። ከመናፍስቱ ዘጠኝ እጅ ሲታሰር አንድ እጅ ሰውን እንዲፈትንበት ይተውለታል። ፈቃድ ያገኘ ፈታኝ ማለት ነው፤ ግን መጽሐፉ ክፉ ከማለት አልተመለሰም። ሰው የሚያጠፋበትን ሠራዊት ለምኖ ነው ያስቀረው።

ታሪከ_ዶግማ፦

በኢሳይያስ 14 ላይ ከዘአንድምታ ትንሽ እለያለሁ። ምሥጢራዊ ትርጓሜነቱን አልቃወምም፤ ግን ለማያምን ሰው እንደ ማስረጃ አይቅረብ። ምዕራፉ በቁጥር 4 ላይ ራሱ «በባቢሎን ንጉሥ ላይ» ይላል። ክፍሉን ከሰይጣን ውድቀት ጋር አያይዞ በሰፊው ያስተማረው አርጌንስ (ኦሪጀን፣ 3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን) ነው። ትምህርቱ ያለዚያ ምዕራፍም ይቆማል።

ክፋቱ ከየት መጣ ለሚለው፣ ቤተ ክርስቲያን መልሱን ያጠራችው በክርክር ነው። ማኒ የተባለው የፋርስ ሰው ተከታዮች ብርሃንና ጨለማ ሁለቱም ያለ መጀመሪያ የነበሩ ናቸው አሉ። ይህ ቀላል መልስ ይመስላል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ሰይጣን በተፈጥሮው ክፉ ከሆነ እንደ እባብ መርዝ ማለት ነው፤ መርዝ ይጎዳል እንጂ አይወቀስም። ክፉ ለመባል መጀመሪያ መልካም የነበረና ሌላ ማድረግ ይችል የነበረ መሆን አለበት። በስፔንና በፖርቱጋል ምድር ተመሳሳይ ትምህርት ሲነሣ የብራጋ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ561 ዲያብሎስ በእግዚአብሔር የተፈጠረ መልካም መልአክ አልነበረም የሚለውን አወገዘ። ይህንኑ የመሰለ የሁለት መነሻ ትምህርት የያዙት ካታሮች ሲነሡ ደግሞ የሮማ ቤተ ክርስቲያን በ1215 በላተራን ጉባኤ፣ አጋንንት በእግዚአብሔር መልካም ተፈጥሮ ተሰጥቷቸው ተፈጠሩ፤ ክፉዎች የሆኑት በራሳቸው ነው ብላ ወሰነች። በዚህ ነጥብ ምሥራቅም ምዕራብም፣ ፕሮቴስታንቱም አንድ ናቸው።

ታዲያ ያ የመጀመሪያው ክፉ ፈቃድ ከምን ተነሣ? አውግስጢኖስ ይህን መጠየቅ ጨለማን በዓይን ለማየት፣ ዝምታን በጆሮ ለመስማት እንደ መፈለግ ነው ይላል። ክፋት የተፈጠረ ነገር ስላልሆነ የሚሠራው ምክንያት የለውም፤ መልካሙን መተው ነው። መልሱ ሁሉን አያረካም፣ እኔም ሙሉ ነው አልልም፤ ግን ክፋትን በፈጣሪ ላይ ከመጫን ያድናል።

ለምን ንስሐ አይገባም? የደማስቆው ዮሐንስ (8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን) ሞት ለሰው እንደሆነው ውድቀት ለመላእክት እንዲሁ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ንስሐ የለም ይላል። በአበው መካከል ግን ሌላ ድምፅም ነበረ፤ የኒሳው ጎርጎርዮስ ክፋትን የፈለሰፈው ራሱ እንኳ እንደሚፈወስ ተስፋ አድርጓል። የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ እ.ኤ.አ. በ543 ባወጣው ድንጋጌ የአጋንንት ቅጣት ጊዜያዊ ነው የሚለው ተወግዟል። የኛ ቤተ ክርስቲያን የዩስቲንያኖስን ውሳኔዎች የምትቀበል ባትሆንም በዚህ ነጥብ የምታስተምረው ያንኑ ነው።

ንባብ_ወዳድ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ። ሰይጣን እውነተኛ አሳች ከሆነ «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» የሚል ሰው ልክ ነው ማለት ነው?

የንስሐ_ትምህርት፦

ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ማምለጫ ነው። ሐዋርያት ሥራ 5ን ክፈት። ቁጥር 3 ላይ ጴጥሮስ ሐናንያን ሰይጣን በልብህ ስለ ምን ሞላ ይለዋል፤ ቁጥር 4 ላይ ደግሞ ይህን ነገር ስለ ምን በልብህ አሰብህ ይለዋል። በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ያው አንድ ኃጢአት የሰይጣንም የሐናንያም ነው። ዘፍጥረት 3 ላይም እንዲሁ ነው፤ አዳም ወደ ሔዋን፣ ሔዋን ወደ እባቡ አመለከቱ። ማንም ግን በሌላው ጥፋት ነጻ አልወጣም፤ ሦስቱም የየራሳቸውን ፍርድ ተቀበሉ።

በሲና ገዳም የነበረው ዮሐንስ (7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን) ሐሳብ ወደ ኃጢአት የሚወርድበትን ደረጃ ይለያል። መጀመሪያ ሐሳቡ ይመጣል፤ ይህ ብቻውን ኃጢአት አይደለም፤ ያመጣው ሌላ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ከሐሳቡ ጋር መነጋገር፣ ከዚያ መስማማት፣ ከዚያ መማረክ፣ ትግል፣ በመጨረሻም ልማድ። የሰይጣን ድርሻ በአብዛኛው የፊተኛው ደረጃ ነው፤ መስማማቱ የሰው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለት በኩል ነው፤ አንዱ ክፉ ሐሳብ ስለመጣበት ብቻ ጠፍቻለሁ ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ሌላው ተስማምቶ፣ ፈጽሞ፣ ለምዶት «እርሱ ነው» ይላል። ያዕቆብ 1፥14 እያንዳንዱ የሚፈተነው በራሱ ምኞት ነው ብሎ ሁለተኛውን ይዘጋበታል።

የማሳቱን ዘዴ ለማየት ማቴዎስ 4ን ከመዝሙር 90 (በዕብራይስጡ ቁጥር 91) ጋር ጎን ለጎን አንብብ። በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ሰይጣን ጥቅስ ይጠቅሳል፤ ግን «በመንገድህ ሁሉ» የሚለውን ዘሎታል። ራስን ከጫፍ መወርወር መንገድ አይደለምና ያ ሐረግ ክርክሩን ያፈርስበት ነበር። ቀጥሎ ያለውን፣ አንበሳውንና ዘንዶውን ትረግጣለህ የሚለውንም ሳይደርስበት አቁሟል፤ የሚረገጠው እርሱ ነውና። ጌታ ሦስቱንም የመለሰው ከዘዳግም ነው፦ 8፥3፣ 6፥16፣ 6፥13። ሊቃውንቱ በገዳመ ቆሮንቶስ (ጌታ በተፈተነበት ምድረ በዳ) ስስትን በትዕግሥት፣ ትዕቢትን በትሕትና፣ ፍቅረ ንዋይን በጸሊአ ንዋይ (ገንዘብን በመጥላት) ድል ነሣ ብለው ያስተምራሉ።

በጥምቀት ሥርዓትም ኃላፊነቱ የተቀመጠው በሰው አፍ ላይ ነው። ተጠማቂው ወደ ምዕራብ ዞሮ «እክሕደከ ሰይጣን» (ሰይጣን ሆይ እክድሃለሁ) ብሎ ይክዳል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ያምናል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ ስለማይናገሩ የክርስትና አባት ወይም እናት በእነርሱ ፈንታ ይላሉ። ሊካድ የማይችል አስገዳጅ ቢሆን ካድሁህ ማለት ትርጉም አይኖረውም ነበር።

ብሉይ_አንባቢ፦

ለመዝሙሩ፦ የሉቃስ 4፥10 ጥቅስ «ይጠብቁህ ዘንድ» የሚለውን ይዟል፤ «በመንገድህ ሁሉ» ግን እዚያም የለም። ስታነጻጽር ሦስቱንም ክፈት። የፈተናዎቹም ቅደም ተከተል ይለያያል፤ ማቴዎስ ተራራውን፣ ሉቃስ ቤተ መቅደሱን መጨረሻ ያደርጋል።