ለ17 ካሬ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ምን ዓይነት ዕቃ ይሻላል?

ጀሞ_ስቱዲዮ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ የኪራይ ስቱዲዮ ነው፤ የምንኖረው ሁለት ሰዎች ነን። ዋናው ክፍል 5.10 በ3.40 ሜትር ይሆናል። መግቢያው በአጭሩ ግድግዳ ቀኝ ጥግ ላይ ነው፤ ባልኮኒው ፊት ለፊቱ። የወጥ ቤቱና የሻወሩ በሮች በቀኙ ረጅም ግድግዳ፣ ከመግቢያው ጀምሮ ባለው 2.20 ሜትር ውስጥ ናቸው። 1.50 አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ሶፋ፣ ቲቪና መመገቢያ ጠረጴዛ መግባት አለባቸው። ቡናም ይፈላል። ፈርኒቸር ቤቶች ሁሉ የሚያሳዩን ኤል ሼፕ ሶፋ ወይም 3+2+1 (የሦስት፣ የሁለትና የአንድ ሰው ሶፋ) ነው። ኤል ሼፑ ይገባል? ቁም ሳጥንስ ዝግጁ መግዛት ይሻላል ወይስ ማሠራት? መደርደሪያ ግድግዳው ላይ መስቀልም አስበናል። ቤቱ የሚያምር እንዲሆንም እንፈልጋለን፤ መጋዘን እንዲመስል አንፈልግም።

ባለሜትር፦
እህቴ፣ ሶፋውን ለጊዜው እርሺው። በቅድሚያ ባዶ የሚቀረውን ወለል ወስኚ፤ ዕቃው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሰው ያለችግር የሚያልፍበት መንገድ ቢያንስ 75 ሳንቲም ይፈልጋል፤ ለረከቦት፣ ለከሰል ምድጃውና ለምታፈላዋ ደግሞ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ያህል።

ብዙ ሰው አልጋውን ባልኮኒ በኩል ያደርግና ሶፋውን መግቢያው ጋ ያስቀምጣል። እናንተ ቤት ይህ አይሆንም። ሁለቱ በሮች የቲቪውን ግድግዳ ይበሉታል፣ የከሰሉ ጭስ ከመውጣቱ በፊት ክፍሉን በሙሉ ይዞራል፣ እንግዳም ወደ ባልኮኒ የሚወጣው በአልጋችሁ ሥር ነው። ስለዚህ ገልብጡት።

ቁም ሳጥኑ ከመግቢያው በር ጎን ባለው አጭር ግድግዳ ላይ ይቁም፤ በሩ ከነመቃኑ 1.10 ያህል ቢወስድ እንኳ 2.30 ሜትር ይተርፋችኋል፤ 2.20 ስፋት ያለው ቁም ሳጥን ይገባል። ከፊቱ 75 ሳንቲም ክፍት ይሁን። ቀጥሎ አልጋው፣ ራስጌው በግራው ግድግዳ። የአልጋው ሣጥን ርዝመት 2.05 ከሆነ ከግርጌው እስከ ቀኙ ግድግዳ 1.35 ይቀራል፤ ይህ ዋናው መተላለፊያ ነው፣ የወጥ ቤቱንና የሻወሩን በርም አይዘጋም። እስካሁን ያለው ሲደመር 0.60 ለቁም ሳጥን፣ 0.75 ክፍተት፣ 1.60 የአልጋው ወርድ፣ በድምሩ 2.95 ነው። ባልኮኒ በኩል 2.15 በ3.40 የሆነ ሳሎን ተረፈ ማለት ነው።

እዚያ ኤል ሼፕ ከገባ ቡና የሚፈላበት ቦታ የለም። ርዝመቱ ከ1.70፣ ጥልቀቱ ከ85 ሳንቲም ያልበለጠ ባለ ሁለት ሰው ሶፋ በግራ፣ 35 ሳንቲም ጥልቀት ያለው የቲቪ ማስቀመጫ በቀኝ አድርጉ። መሃሉ 2.20 ክፍት ይሆናል። እንግዳ ሲመጣ ተነባብረው የሚቀመጡ አራት በርጩማዎች የኤል ሼፑን ሥራ ይሠራሉ። አልጋውን ከሳሎኑ ለመለየት ከጣሪያ የሚወርድ መጋረጃ ይበቃል፤ መደርደሪያ ብታቆሙበት 30 ሳንቲም ከሳሎኑ ይቀነሳል።

ጠረጴዛው 80 በ60 የሆነ ታጣፊ ይሁን፣ ከሻወሩ በር በኋላ ባለው ግድግዳ። ሲዘረጋ ከ1.35ቱ 75 ሳንቲም ይቀራል፤ ሲታጠፍ ደግሞ መኖሩም አይታወቅም።

ዋንዛ፦
ባለሜትር በቦታው ላይ ትክክል ነው፤ እኔ ስለ እንጨቱ ልበል።

ቁም ሳጥኑን አሠሩት፣ ግን በሁለት ሣጥን፣ እያንዳንዱ 1.10 ስፋት፣ በብሎንና በዳዶ የሚያያዝ። አንድ ወጥ የሆነ 2.20 ቁም ሳጥን በኮንዶሚኒየም ደረጃ መዞሪያ ላይ አይታጠፍም። የቦርድ ልክ 1.22 በ2.44 ሜትር ስለሆነ ጥልቀቱ 60 ሲሆን ከአንድ ቦርድ ወርድ ሁለት ጎን ይወጣል። 65 ይሁንልኝ ካላችሁ የቦርዱ ግማሽ ያህል ቁርጥራጭ ሆኖ ይቀርና ዋጋው የሚወጣው ከእናንተ ኪስ ነው። ቁመቱንም ከጣሪያው ጋር አመዛዝኑት፤ 2.40 ቁመት፣ 60 ጥልቀት ያለው ሣጥን መሬት ላይ ተገጥሞ ሲነሳ ጥግ ለጥግ ወደ 2.47 ይደርሳል። ጣሪያው ከዚያ ካነሰ ሲቆም ጣሪያውን ይመታል።

ቺፑድ (ከተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ የሚሠራው ቦርድ) ወይስ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የደቀቀ እንጨት የሚሠራው)? ለሣጥኑ ባለ 18 ሚሊ ላሚኔት ቺፑድ ይበቃል፤ ቀለም የሚቀባ ወይም ቅርጽ የሚወጣለት በር ከሆነ ኤምዲኤፍ። ሁለቱም ውኃ ጠላታቸው ነው። ቺፑድ ከወለሉ ጋር ከተገናኘ በመወልወያ ውኃ ሥሩ ያብጣል፣ ካበጠም አይመለስም። ከ8 እስከ 10 ሳንቲም የሆነ የፕላስቲክ እግር አስደርጉ፣ ሁሉም ጠርዝ፣ የማይታየው የታችኛውም ጭምር፣ እንዲለበጥ ንገሩት። ብዙ ባለሙያ የታችኛውን ይዘለዋል፤ እብጠቱ ግን የሚጀምረው ከዚያ ነው። መደርደሪያው ያለ መሃል ድጋፍ ከ70 ሳንቲም አይርዘም፤ ከረዘመ ልብስ ሲጫንበት ይጎብጣል።

ተከራይ ስለሆናችሁ ዕቃው ተፈትቶ ይገጠማል። ቺፑድን በጠርዙ በኩል በምስማር ወይም በቀጭን ቪቴ የሚያያይዝ ሰው አታሠሩ፤ አንድ ጊዜ ከተፈታ ቀዳዳው ይላላል። 7 በ50 ሚሊ የሆነው የቦርድ ቪቴ፣ አስቀድሞ በ5 ሚሊ ተበስቶ ሲገባ ይይዛል። የላላ ቀዳዳ ካጋጠመ በኮላ የተነከረ ክብ እንጨት ሙሉበት፣ ሲደርቅ እንደገና ብሱት።

ሶፋ ስትገዙ ጨርቁን አትዩ፤ ገልብጡትና ሥሩን ተመልከቱ። ክፈፉ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ከሆነ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሶፋውም መንቃቃት ይጀምራል። የመቀመጫው ስፖንጅ ዴንሲቲ 30 (በሜትር ኩብ 30 ኪሎ) ነው ካሏችሁ ዚፑን ከፍታችሁ አውጡና መዝኑት፦ 60 በ60 በ12 ሳንቲም የሆነ ስፖንጅ 1.3 ኪሎ ገደማ መሆን አለበት። 800 ግራም ከሆነ 18 ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ይሰምጣል።

ቀብድ ስትከፍሉ ልኩ፣ የቦርዱ ውፍረት፣ የማጠፊያው ዓይነትና የማስረከቢያው ቀን ወረቀት ላይ ይስፈር።

ጥብቅ_ፊሸር፦
መደርደሪያው ላይ ላስጠንቅቅ። ግድግዳችሁ ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ባዶ። ተራ የፕላስቲክ ፊሸር (ቪቴው እንዲይዝ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው) የሚይዘው የብሎኬቱን ስስ ቆዳ ብቻ ነው፤ ፎቶ ይሸከማል፣ የሳህን መደርደሪያ ግን ይዞት ይወርዳል። አንዳንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ክፍሎቹ የተለዩት በአግሮስቶን (በፋብሪካ በሚሠራ ቀላል የግድግዳ ፓነል) ስለሆነ በዚያ ላይ ከባድ ነገር ጨርሶ አይሰቀልም።

በጣት አንኳኩ። ኮለኑና ቢሙ (የኮንክሪት ምሰሶውና አግዳሚው) ደረቅ፣ የተደፈነ ድምፅ ይሰጣል፤ እዚያ ላይ የብረት ፊሸር አጥብቆ ይይዛል። ብሎኬት ላይ መስቀል ግድ ከሆነ ቀዳዳውን አስፍቶ በሲሚንቶ መሙላት፣ ቢያንስ ሳምንት ማቆየት፣ ከዚያ መብሳት። ግን የሰው ቤት ነው፤ አከራይ ሳይፈቅድ አትብሱ። ከማብሪያና ከሶኬት በላይና በታች ቀጥታ ባለው መስመር ላይ ደግሞ በፍጹም አትብሱ፣ ሽቦው በዚያ ያልፋል።

ለእናንተ የሚሻለው ወለል ላይ የሚቆም፣ 30 ሳንቲም ጥልቀት ያለው መደርደሪያ ነው፤ ክብደቱን ወለሉ ይሸከማል፣ ከላይ በአንዲት የብረት ማዕዘን እንዳይወድቅ ብቻ ይያዛል። ታጣፊ ጠረጴዛውም ከግድግዳው ብቻ ሳይሆን በሚዞር እግር ይደገፍ። ሰው ክርኑን ሲያሳርፍበት ጫናው በሙሉ የሚያርፈው በላይኛው ፊሸር ላይ ነው።

ጀሞ_ስቱዲዮ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አልጋው ሥር ዕቃ የሚያስቀምጥ ይሁን ብለናል፣ በጋዝ የሚነሳው ወይስ ባለ መሳቢያው? ስለ ቀለምና መጋረጃም ብትነግሩን።

ጥለት፦
ባለ መሳቢያው የሚከፈተው በቁም ሳጥኑ በኩል ባለው 75 ሳንቲም ነው፤ መሳቢያው 50 ሲወጣ መቆሚያ ያሳጣል። በጋዝ የሚነሳው ይሻላችኋል፣ ከግርጌ የሚነሳው ዓይነት፤ 1.35 ቦታ አላችሁ። የጋዙ ኃይል ከፍራሹ ክብደት ጋር መመጣጠን አለበት። ለስፕሪንግ ፍራሽ የተመረጠ ጋዝ ቀላል ስፖንጅ ፍራሽ ከተጫነበት አልጋው አልዘጋም ይላል፤ ተቃራኒው ደግሞ ይባስ፣ ተነስቶ በሰው ላይ ይወርዳል። በራሳችሁ ፍራሽ ሳትሞክሩ አትረከቡ። የፍራሹ ማረፊያ ኮምፔንሳቶ 2 ሳንቲም ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች ይውጡለት፤ ካለዚያ በክረምት ፍራሹ ከሥር ይሻግታል። በዚሁ ምክንያት ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው 5 ሳንቲም አርቁት።

ውበቱን በተመለከተ፣ ቁም ሳጥኑ የግድግዳው ቀለም ይሁን፤ 2.20 የሚያህል ነገር ጠቁሮ ከቆመ ክፍሉን ያጠበዋል። ሶፋውና የቲቪ ማስቀመጫው እግር ይኑራቸው፣ ወለሉ ከሥራቸው ሲታይ ቤቱ ሰፊ ይመስላል። መጋረጃው ከመስኮቱ አናት ሳይሆን ከጣሪያው ይውረድ፤ ዘንጉ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ 20 ሳንቲም ቢያልፍ ሲከፈት ብርሃን አይጋርድም። የከሰል ምድጃው የሚቀመጥበትን አስቀድማችሁ ወስኑና መጋረጃው በዚያ በኩል አይሰብሰብ።

ሶፋው አንድ ቀለም፣ ዚፕ ያለውና የሚታጠብ፤ ድምቀቱን ለትራሶቹ ተዉላቸው። ነጭ የሽመና ጨርቅ፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ጥለት ያለው፣ ከግራጫም ከቡናማም ሶፋ ጋር ይሄዳል። ጥለቱ ላይ ካሉት ቀለሞች አንዱን መርጣችሁ ምንጣፉ ላይ ድገሙት፣ ሌላ አትጨምሩ። መሶቡም ኩሽና አይደበቅ፣ ከሶፋው ጎን ቦታ አለው። አምፖሉን ከነጩ ወደ 3000 ኬልቪን (ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን) ቀይሩት፤ ነጭ ሴራሚክ በነጭ መብራት ሥር ክሊኒክ ያስመስላል።

ባለሜትር፦
ጥለት ያለችው ሁሉ ልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ሶፋው ቀብድ ከመከፈሉ በፊት የደረጃውን መዞሪያ ወርድና የመግቢያውን በር ክፍት ስፋት ለኩ፣ የመቃኑን ሳይሆን ሰው የሚያልፍበትን። የሶፋው ጥልቀት 85፣ በሩ 80 ከሆነ ክንዱ በብሎን የሚፈታ ይሁን ብላችሁ እዘዙ።

ጀሞ_ስቱዲዮ፦
በሩ 82 ሆነ። ክንዱ የሚፈታውን እናዛለን።