የአርጎባ ታሪክ በእግር ጉዞ መጽሐፍ ውስጥ፦ ከቦሩ ሜዳ እስከ ሾንኬ እንዴት ይጻፍ?

የጦሳ ጥላ

ሰላም ለሁላችሁ። ለእግረኛ የሚሆን፣ ኪስ የሚገባ የወሎ ታሪክ መጽሐፍ እየተዘጋጀ ነው። መስመሩ ቦሩ ሜዳ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ከዚያ በጨፋ በኩል ከሚሴና ሾንኬ ነው። ረቂቁ ሲነበብ ግን የነገሥታት ታሪክ ብቻ ሆኖ ቁጭ አለ። ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ፣ ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል፣ መጨረሻ ላይ «በአካባቢው አርጎባዎችም ይኖራሉ» የምትል አንዲት አንቀጽ። አርጎባን የአገር ታሪክ ጭራ ሳያደርጉ እንዴት መጻፍ ይቻላል? የዘመን አቆጣጠሩስ? አንዱ ምንጭ በዓመተ ምሕረት፣ ሌላው በሂጅራ፣ ሌላው በፈረንጅ ነው። ስለ ካርታና ስለ ወራቱም የምታውቁትን ጣል አድርጉ።

ቃሉ ማዶ

አብሽር፣ ችግሩ ያለው ከአደረጃጀቱ ነው። ምዕራፎቹን በንጉሥ ስም ከከፈልክ አርጎባ መግቢያ በር አያገኝም፤ በቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ውስጥ ብዙም የለማ። በመሬቱ ክፈለው። ደጋው፣ ገደሉ፣ ቆላው። አርጎባ የገደሉ ሕዝብ ነው። ከይፋት ጀምሮ ወደ ሰሜን እስከ ባቲ ድረስ የስምጥ ሸለቆውን ምዕራባዊ አፋፍ ይዞ የሰፈረው በአጋጣሚ አይደለም። ከአፋር በኩል ጨው የጫነ ግመል ወደ ላይ ይመጣል፣ ከደጋ እህል ይወርዳል፤ ሁለቱ የሚገናኙት እዚያው ወገቡ ላይ ነው። ነጋዴና ሸማኔ የሆነ ሕዝብ ሌላ የት ይሰፍራል? ይህን እግረኛው ባቲ ላይ ሰኞ ገበያ ቆሞ በዓይኑ ያየዋል። ስለዚህ ባቲን ለሰኞ አድርጉት፣ በሌላ ቀን ከተማውን እንጂ ገበያውን አታገኙም።

ቦሩ ሜዳን ግን አታውጣው፤ ሁለቱንም ወገን አስቀምጥ። በ1870 ዓ.ም. እዚያ ሜዳ ላይ የኦርቶዶክስ የሃይማኖት ክርክር ተቋጨ፤ ወዲያውም የወሎ ሙስሊም መሪዎች እንዲጠመቁ ተደረገ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባሉ፣ ኢማም አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም። ያንኑ ጉባኤ አንዱ ወገን የአገር አንድነት ብሎ ይጽፈዋል። ለሌላው የስደትና የአመፅ መነሻ ነው፤ ሸህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር የተነሡት ከዚህ በኋላ ነው። የፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ጥናት ጠቃሚ የሆነውም የመስጊድና የዘውያ (የሱፊዎች ማዕከል) ጽሑፎችን ከአዛውንት ቃል ጋር አጋጥሞ ስለሚሄድ ነው። እንደዚያ ካልሠራህ የአንድ ወገን መዝገብ ቅጂ ነው የሚሆንብህ።

አንድ ነገር ልጨምር። አርጎባን በቋንቋ ብቻ አትቁጠር። ቋንቋው አርጎብኛ በሾንኬና በጦልሃ መንደሮች ዛሬም ይነገራል፤ ብዙው አርጎባ ግን አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። «አርጎባ ነዎት?» ብለህ ብትጀምር የመታወቂያ መልስ ነው የሚሰጡህ። «አያትዎ ቤት ውስጥ በምን ያወሩ ነበር? ይህ እርሻ ስሙ ማን ይባላል?» በል። ሴቶቹንም ጠይቅ፣ የምድጃና የልጅ ማባበያ ቃል ያለው እነሱ ዘንድ ነው።

ቀለምና ብራና

ስለ ዘመን ቁጥሩ እኔ ልመልስ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ከሆነ 7፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 8 ደምረህ ወደ ፈረንጅ ትቀይራለህ። የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ስለሆነ እ.ኤ.አ. 1916 ነው፤ የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ስለሆነ እ.ኤ.አ. 1889። በእ.ኤ.አ. 19ኛው ክፍለ ዘመን ግን መስከረም 1 የሚውለው በሴፕቴምበር 10 ነበር፣ ዛሬ በ11 ነው። በዛሬው ሠንጠረዥ 19ኛውን ክፍለ ዘመን የሚቀይር ሰው ሁሌ አንድ ቀን የሚስተው ለዚህ ነው።

የሂጅራው የባሰ ነው። ዓመቱ ወደ 354 ቀን ስለሆነ 622 ዝም ብለህ አትደምርበትም። 1295 ሂጅራ ላይ 622 ብትደምር 1917 ይልሃል፣ የቦሩ ሜዳ ዓመት ሰገሌን አልፎ ሊሄድ ነው! በ0.97 አባዝተህ 622 ደምር፤ 1878 ይመጣል፣ ልክ ነው። ከመጀመሪያው ወር ከሙሐረም ወይም ከመጨረሻው ከዙልሒጃ የሆነ ቀን ካለህ ግን አንድ ዓመት ወዲህ ወዲያ ሊል ስለሚችል በሙሉ ሠንጠረዥ አረጋግጥ።

መስጊድ ውስጥ ኪታብ ካሳዩህ መጀመሪያ አስፈቅድ፣ ከዚያ የመጨረሻውን ቅጠል አንሳ፤ የጸሐፊው ስምና ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ ሁሉ ዐረብኛ አይደለም። በወሎ በዐጀም የተጻፈ የአማርኛ መንዙማ ሞልቷል፤ ዐረብኛ ብቻ የሚያነብ ሰው «ትርጉም የለውም» ብሎ ሊመልስልህ ይችላል።

የድሮ ካርታና ዜና መዋዕል ኦሮሞን የሚጠሩበት፣ ዛሬ ስድብ የሆነ ስም አለ። በራስህ ዓረፍተ ነገር አትድገመው። ላኮመልዛ፣ ቤተ አማራ፣ ወሎ የሚሉት የአገሩ ስሞችም ዛሬ እያንዳንዳቸው ደጋፊና ነቃፊ አላቸው፤ የምትጠቅሰው ምንጭ በዘመኑ ያለውን ጻፍና እለፍ።

ኮምፓስ

ወደ እግሩ እንምጣ። 1፡50,000ው የመንግሥት ካርታ ይሻላል፤ 2 ሳንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው፣ የከፍታ መስመሩ በየ20 ሜትሩ። ስልክህ ላይ ያለውን ነጥብ ወደዚህ ካርታ ስታዛውር ግን ተጠንቀቅ። የድሮው ካርታ የተሠራው አዲንዳን በሚባል የቦታ መለኪያ መነሻ (ዳተም) ነው፣ ስልኩ ግን ሌላ መነሻ ይጠቀማል፤ ሳትቀይር ከገለበጥከው ወደ 200 ሜትር ትስታለህ። ሜዳ ላይ ምንም አይደለም፣ ገደል አፋፍ ላይ ግን የተሳሳተ ሸንተረር ላይ ያወጣሃል።

ሰዓቱን በሜዳ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ሽቅብ ግማሽ ሰዓት ጨምረህ አስላ። ቁልቁለቱንም አትናቀው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው፣ ጉልበት የሚያልቀው እዚያ ነው።

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ጥሩ ነው። በበልግ ደጋው ይዘንባል፤ ዋልካ መሬት ላይ ጫማህ ሁለት እጥፍ ይከብዳል። ጨፋ በክረምት ረግረግ ነው፣ በበጋ ደግሞ የአፋርና የኦሮሞ ከብት የሚወርድበት ግጦሽ ስለሆነ ውሻ አለ፤ ከመንጋው ራቅ ብለህ ዙር፣ በመሀል አትቁረጥ። ጸጥታውን በየቀበሌው ጠይቆ መነሳት ግዴታ ነው፣ በመጽሐፉም ይጻፍ።

የጦሳ ጥላ

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። አንድ ብቻ፦ ሾንኬ ላይ መንደሩ 900 ዓመቱ ነው ይባላል። እንጻፈው?

ቀለምና ብራና

«ነዋሪው ይላል» ብለህ ጻፈው፣ በራስህ ድምፅ አትጻፈው። የትውልድ ሐረግ አስቆጥር። ከ25 እስከ 30 ዓመት ለአንድ አባት ብትይዝ፣ ስምንት ስም የሚያደርስህ 200 ወይም 240 ዓመት ድረስ ነው። ይህ ማለት ሰዎቹ ዋሹ ማለት አይደለም፤ በመሀል ያሉ አባቶች ከሐረጉ ይወድቃሉ፣ መሥራቹና የቅርቦቹ ብቻ ይቀራሉ። ስለዚህ ሐረጉን ከሁለት የተለያዩ ቤቶች ውሰድና አወዳድር፤ የት ላይ እንደሚለያዩ ያኔ ታያለህ። የድንጋይ ቤቱንና ጠፍጣፋ ጣሪያውንም ለዕድሜ ማስረጃ አታድርገው፣ ጣሪያ በየጊዜው ይታደሳል።

ቃሉ ማዶ

ከመታተሙ በፊት የሾንኬውን ምዕራፍ እዚያው ወስደህ ጮክ ብለህ አንብብላቸው። ከጁምዓ ሰላት ጋር እንዳይጋጭ ሌላ ቀን ይሁን። የእርሻና የምንጭ ስም ስህተት በወረቀት አይታይም፣ በጆሮ ግን ወዲያው ይያዛል።